መሃል ላይ የቆመችው መርፌ

አብራሪውን ቀድመው አንስተውት ስለነበር ኮረብታው ላይ የጠበቀን ብረት ብቻ ነው። ትንሿ አውሮፕላን በጉም ውስጥ ለማረፍ ስትወርድ ከማረፊያ ሜዳው አጠገብ ያለውን ኮረብታ ገጭታለች። ጭነቷን አራግፋ ባዶዋን እየተመለሰች ስለነበር ከአብራሪው በቀር ሰው አልነበረባትም። ቦታውን ይጠብቅ የነበረ አንድ ፖሊስ፣ «ደግነቱ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለ። አለቃዬ ዞር ብላ አየችው። ሰውየው ከዚያ በኋላ እስክንሄድ ድረስ ጫማውን ሲመለከት ቆየ።

አለቃዬ ኢንስፔክተር ናት። በሌለችበት «ወስፌ» እንላታለን፤ ቀጭን ናት፣ የያዘችውን ነገር ደግሞ ሳትበሳ አትመለስም። እኔ ሃምሳ አለቃዋ ነኝ፤ መኪናዋን እነዳለሁ፣ ያለችውን እጽፋለሁ፣ ስትቆጣም የምትቆጣው እኔን ነው።

የአውሮፕላን አደጋ የሚያጠናው ባለሙያ ከአብራሪው ፊት የነበረ ክብ መሳሪያ በጓንት ይዞ ጠበቀን። መስታወቱ ተሰንጥቋል እንጂ አልረገፈም።

«ሁለት መርፌዎች ይታዩዎታል» አላት። «ሜዳው በሬዲዮ የሚልከው ሞገድ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው። አንዷ ግራና ቀኝ፣ አንዷ ላይና ታች። ጉም ውስጥ መሬት ስለማይታይ አብራሪው እነሱን ተከትሎ ነው የሚወርደው። ሁለቱም መሃል ላይ ከሆኑ መንገዱ ልክ ነው።»

«አሁን መሃል ላይ ናቸው።»

«ክፋቱ እሱ ነው። ሞገዱ ጨርሶ ሲጠፋም መሃል ላይ ነው የሚያርፉት።»

«ልክ የሆነውም፣ ምንም የማይሰማውም አንድ ዓይነት ያሳያል ማለት ነው?»

«ለዚህ ነው ቀይ ምልክት የተሰራለት። ሞገድ ሲጠፋ በዚህች ጠባብ መስኮት ቀይ ብቅ ይላል። ቀይ ያየ አብራሪ መውረዱን ትቶ ወደ ላይ ይሸሻል። ይህ ልጅ ግን ቀይ አላየም።»

በወረንጦ ከመስታወቱ ላይ አንድ ነገር አነሳ። የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት፣ ጥፍር የምታክል ስስ ጥቁር ቆዳ ናት። ቀዩ በሚወጣበት መስኮት ላይ በማጣበቂያ ተለጥፋ ነበር፤ የመሳሪያው ፊትም ጥቁር ስለሆነ ተመሳስላ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ የወርቅ ቀለም ቅንጣት አለባት።

«ከአንቴናው የሚመጣው ገመድም ከጀርባ ተፈቷል» አለ። «ግጭቱ ነው የፈታው እንዳልል፣ የተቆለፈበት ሽቦ በፒንሳ ተቆርጧል።»

ወስፌ ቆዳዋን በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ለእኔ ሰጠችኝ። «ደረት ኪስህ ውስጥ አድርጋት» አለች። «ሰው ገድላለች።»

ጣቢያ ስንመለስ አዛዣችን ጉዳዩን ጨርሶት ነበር። የአውሮፕላኖቹን የሬዲዮና የአቅጣጫ መሳሪያ የምትጠግነው ሴት ያንኑ ገመድ በዋዜማው ራሷ ማሰሯ ስለታወቀ ይዞ አስገብቷታል። የሟቹ ታላቅ እህት ናት።

«እህቱ ለምን ትገድለዋለች?» አለች ወስፌ።

«እህትና ወንድም አይጣላም እንዴ?» አለ አዛዡ። «ቀብሩ ከነገ ወዲያ ነው። ከቀብሩ በኋላ በግድያ ትከሰሳለች። ሌላ ሰው ካለሽ እስከዚያ አምጪ።»

ልጅቷ ጠባቧ ክፍል ውስጥ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ጣቶቿ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። አላለቀሰችም፤ ያላለቀሰ ሰው ደግሞ ጣቢያ ውስጥ ቶሎ ይጠረጠራል።

«ገመዱን አንቺ ነሽ ያሰርሽው?»

«እኔ ነኝ። አጥብቄ፣ በሽቦ ቆልፌ።»

«አውሮፕላኗ የምታድርበት መጋዘን ቁልፍ ማን ዘንድ ነው ያለው?»

«እኔ ዘንድ።»

«ሌላስ?»

«እኔ ዘንድ ብቻ።»

ወስፌ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ልጄ፣ ገመዱን በገዛ አንገትሽ ላይ እያጠበቅሽ ነው።»

«የጠየቁኝን ነው የመለስኩት።» ከዚያ ግን ራሷ ቀጠለች። «አንድ ነገር አልገባኝም። ቀዩ ቢሸፈንም ድምፅ አለ። ሜዳው መለያ ድምፅ ይልካል፤ ጢ፣ ጢጥ፣ ጢ እያለ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ሞገድ ከሌለ ድምፁ የለም። ወንድሜ ድምፁን ሳይሰማ አይወርድም። አባዬ ከልጅነታችን ጀምሮ 'መርፌ ታታልላለች፣ ጆሮህን እመን' እያለ ነው ያሳደገን። ታዲያ እንዴት ወረደ?»

ወስፌ ጥያቄውን አስጻፈችኝና ከስሩ አሰመረችበት።

ኮሪደሩ ላይ አባትየው ለልጃቸው ብርድ ልብስ ይዘው ቆመዋል። የአውሮፕላኗ ድርጅት ዋና አብራሪ ናቸው፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ኮፍያቸውን ብብታቸው ስር የያዙ። ከተማው ሁሉ ካፒቴን ነው የሚላቸው። ወንበር ሰጠናቸው፤ ውሃም አቀረብን።

«ያጽናዎት ካፒቴን» አለች ወስፌ።

«ልጄ ክፉ አይደለችም» አሉ። «ግን ሰሞኑን ሐሳቧ ስራዋ ላይ አልነበረም። ሰው ይሳሳታል፤ አትጨክኑባት።»

«ሽቦ በፒንሳ መቁረጥ ስህተት ነው?»

ውሃውን ሳይጠጡ በቀለበታቸው ብርጭቆውን ቀስ እያደረጉ መታ መታ አደረጉት። አብራሪዎች መርፌ የተጣበቀ ሲመስላቸው መስታወቱን እንደዚያ እንደሚመቱት በኋላ ነው የሰማሁት።

«አውሮፕላኗ ስትወድቅ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ስልክ ተደውሎ ነው የሰማሁት።»

ከዚያ ገብተው ልጃቸውን ግንባሯን ሳሟት፤ ጆሮዋ ላይም የሆነ ነገር ተናገሩ። ዘበኛው አልሰማም። እኔ አባትነታቸውን አክብሬ ፊቴን አዞርኩ።

የበረራ ተቆጣጣሪው ማማው ላይ ነው የሚውለው፤ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ክፍል ነው። ወንበሩ ላይ እየተቁነጠነጠ ተቀበለን።

«ያን ጠዋት እዚህ ማን ነበር?»

«እኔ ብቻ። ሌላ ሰው መግባት ክልክል ነው።»

«ልጁ ምን አለ?»

«'መርፌዎቹ መሃል ላይ ናቸው' አለ። ከዚያ ዝም።»

«መለያ ድምፁ አልተሰማኝም አላለም?»

«አላስታውስም።»

«አንድ ሰው ሊሞት ሲል የተናገረውን ትረሳለህ?»

ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረ። ንግግሩ የተቀዳበት ቴፕ ታሽጎ አደጋ አጥኚዎቹ ዘንድ ስለሄደ፣ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብን። ደረጃውን ስንወርድ ወስፌ፣ «ይህ ልጅ የሚፈራው እኛን አይደለም» አለችኝ። ማንን እንደሚፈራ ግን እሷም አላወቀችም።

ቀጥለን ጎራዳውን አገኘነው። ጎራዳው ሌላው ወጣት አብራሪ ነው፤ ስሙን በአፍንጫው አትርፏል። እሱና ሟቹ ለአንድ የካፒቴንነት ቦታ ይፎካከሩ ነበር። ያችኑ አውሮፕላን በዋዜማው ያበረራት እሱ ሲሆን፣ መሳሪያው ደህና ነበር ብሏል። እንግዲህ ሸረኛው የገባው እሱ ካረፈ በኋላና ሟቹ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ነው። የጎራዳው ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ጫፉ ተቀዶ አየሁ። ከረጢቷን አውጥቼ አስጠጋሁ። የቦርሳው ቆዳ ወፍራም ነው፤ የእኛዋ ሽንኩርት ልጣጭ ነው የምታክለው።

«ሌባውን ያዝኩ ለማለት ቸኮልክ» አለችኝ ወስፌ። ወደ እሱ ዞረች። «አውሮፕላኗ ካረፈች በኋላ ወዴት ሄድክ?»

«ጥርስ ሐኪም ዘንድ። መንጋጋዬን አስነቅዬ እዚያው ተኝቼ አደርኩ፤ ደሙ እምቢ ብሎ።» ያበጠ ጉንጩን አሳየን። ሐኪሙንም ጠየቅን፤ እውነቱን ነው።

«ጓደኛህ በመሞቱ ቦታው ያንተ ሆነ።»

«ያለ እሱም የእኔ ይሆን ነበር። የኔን ተራ ባለፈው ዓመት ጨርሻለሁ። የዚያን ቀን ተራው የእሱ ነበር።»

«የምን ተራ?»

ጎራዳው ጉንጩን ያዘ። «የበረራ» አለ። «ያመኛል፣ ብዙ አታስወሩኝ።»

በቀብሩ ዕለት ጠዋት ወደ ሐዘን ቤቱ ሄድን። የተዘጋው ሬሳ ሳጥን ሳሎኑ መሃል አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ክዳኑ ላይ ወፍራም የወርቅ ጥብጣብ ያለው የካፒቴን ኮፍያ አለ። ዘመድ ወዳጅ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። እናትየው ከሳጥኑ ራስጌ ሆነው ክዳኑን በመዳፋቸው ያሹታል።

ወስፌ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። እኔ ግድግዳውን ሳይ ከሟቹ ፎቶ ስር ሌላ ኮፍያ ተሰቅሏል፤ ጥብጣቡ ቀጭን ነው። ክርኗን ነካ አድርጌ በአገጬ አሳየኋት።

«እማማ፣ የልጅዎ ኮፍያ የቱ ነው?»

«ያ የተሰቀለው። ይኼ የአባቱ ነው። 'ካፒቴን ሆኖ ይቀበር' ብሎ ሰጠው። አብሮት ነው የሚገባው።» እንባቸው መጣ። «እንዲህ የሚወደው አልመሰለኝም ነበር፤ ፊት አይሰጠውም ነበርና።»

«ያን ቀን ሲደወል ስልኩን ማን አነሳ?»

«እኔ። እሱ በጠዋት ወጥቶ ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ በር ከፍቶ ገባ። ምንም ሳልነግረው መሬት ላይ ቁጭ አለ።»

«ምንም ሳይነግሯቸው?»

«የአባት ልብ መሰለኝ፣ ልጄ። ያውቃል።»

ወስፌ ተነስታ ኮፍያውን ከሳጥኑ ላይ አነሳች። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ልቅሶ ቆመ። አንድ አጎት፣ «ምን ዓይነት ድፍረት ነው?» ብሎ ሊነሳ ሲል ሰዎች ያዙት። እሷ ኮፍያውን ገለበጠችው። ከውስጥ ዙሪያውን ስስ ጥቁር ቆዳ አለው፤ ቆዳው ላይ የኮፍያ ሰፊው ስም በወርቅ ቀለም ታትሟል። ከጫፉ ላይ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተቆርጦ ወጥቷል። ከደረት ኪሴ ያችን ቆዳ አውጥቼ አስጠጋሁ፤ ገጠመች። ጎድሎ የነበረው ፊደልም ሞላ።

ካፒቴን ከጓዳው በር ላይ ቆመው ያዩናል። «እዚህ አይሁን» አሉ። «እናቱ ፊት አይሁን።»

ካፒቴንን ይዘን ስንመለስ ቴፑ ከእኛ ቀድሞ ጣቢያ ደርሶ ነበር። ወስፌ አንድ ቃል ሳትጠይቃቸው ከፈተችው። መጀመሪያ የሞተር ድምፅ፣ ከዚያ ልጁ።

«መርፌዎቹ መሃል ላይ ናቸው። ቀይ የለም። ግን መለያ ድምፁ አይሰማኝም። የሜዳው ሬዲዮ ይሰራል?»

«ይሰራል» ይላል ተቆጣጣሪው። «እዚህ ሁሉም ደህና ነው።»

ከዚያ ልጁ ቀስ ብሎ፣ «አባዬ እዚያ አለ? አንዴ አገናኘኝ።»

ዝምታ። በዝምታው ውስጥ ቀለበት መስታወት ሲመታ ይሰማል።

«የለም» ይላል ተቆጣጣሪው።

«እሺ» አለ ልጁ። «በቃ እወርዳለሁ።»

ወስፌ ዘጋችው። ካፒቴን ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አዘንብለው እንደቆዩ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ ማመን ያቅተኛል፤ ደስ ብሏቸዋል።

«አይታችኋል?» አሉ። «ድምፁ እንደሌለ አውቆ ነበር። ጎበዝ ጆሮ ነበረው።»

ከዚህ በኋላ ሰውየውን አንቱ ብዬ ልተርከው አልችልም።

ነገሩን ሁሉ ራሱ ተረከው፤ እንደሚያስተምር ሰው ረጋ ብሎ። በዚያ ድርጅት ካፒቴን የሚሆን ሁሉ ሳይነገረው ይፈተናል። ዋናው አብራሪ ሰው በሌለበት በረራ አንድ መሳሪያ በስውር ያበላሽበታል፤ አውቆ ካመለጠ ለካፒቴንነት በቅቷል። የድርጅቱ ባለቤት አንድ ወጣት አብራሪ ለጥቂት ከተረፈ በኋላ ከልክሎ ነበር፤ እነሱ ግን ቀጠሉ። ለተፈታኙ ሹክ ያለ ሰው የካፒቴን ወንበር አያይም። ጠጋኞቹ ደግሞ ጭራሽ አይነገራቸውም።

«ጎራዳው ያውቅ ነበር?»

«ወደ ሐኪም ሊሄድ ሲል፣ ቁልፌን ይዤ ወደ መጋዘኑ ስገባ አየኝ። ሳቀ። እሱንስ ማን ነግሮት ያውቃል?»

«ቁልፍ አለዎት እንግዲህ።»

«ዋና አብራሪ ቁልፍ አያጣም።»

«ጉም እንዳለ እያወቁ?»

«ሲነሳ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ልመለከተው ማማው ላይ ስወጣ ጉሙ መጣ። ይሻላል አልኩ። እውነተኛ ፈተና ሆነለት።»

ወስፌ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «ማይክሮፎኑ ምን ያህል ይርቅዎት ነበር?»

«እጄ ስር ነበር።»

«አባዬ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።»

«ተቆጣጣሪው ዞሮ አየኝ። የለም በለው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩበት።»

«ለምን?»

«ተናድጄ ነበር» አለ። «ድምፁን አጣ፣ ጠረጠረ፤ የቀረው ወደ ላይ መሸሽ ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ደርሶ አባቱን ጠራ። አባቱን የሚጠራ ካፒቴን የለም። መልስ ሲያጣ ራሱ ይወስናል አልኩ።»

«ወሰነ» አለች ወስፌ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረቀረ። ቀለበቱ ጠረጴዛውን አንዴ መታና አቆመ።

«ሴት ልጅዎስ? እሷ ስትታሰር ለምን ዝም አሉ?»

«ማስረጃ ታጣላችሁ፣ ትፈታለች ብዬ ነው። እሷ ጠንካራ ናት።»

«ጆሮዋ ላይ ምን አሏት?»

«ሊይዟት ሲመጡ ያልኳትን ደገምኩላት፤ ስለ እኔ ቁልፍ ዝም በይ፣ እናትሽ ሦስታችንንም አታጣ አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ጥያቄ አታበዛም፤ እሷን አሳድጌያታለሁ።»

የልጅቷን ክፍል ራሴ ከፈትኩት። ወስፌ ቆማ ነገረቻት፤ አላሳጠረችም፣ አላለሳለሰችም። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ የእጅጌዋን ጫፍ ስባ ግንባሯን መጥረግ ጀመረች። ጠረገች፣ ጠረገች። ቆዳዋ ሲቀላ እጇን ያዝኳት።

«ስለዚህ ነው የወረደው» አለች። «የለም ስላሉት።» ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ወስፌ ወደ ሐዘን ቤቱ ተመልሳ እናትየውን ወደ ጓዳ ይዛ ልትገባ ስትል መንገድ ላይ ቆምኩባት። «ኢንስፔክተር፣ የቴፑን ነገር ለእሳቸው አይንገሯቸው። ሴትየዋ ይሞቱብናል።»

«አባትየው ዋሸ፣ ተቆጣጣሪው ዋሸ፣ ጎራዳው ዋሸ» አለች። «እሳቸውን የምዋሽ ደግሞ እኔ ልሁን?» ገፋ አድርጋኝ ገባች። ከጓዳው ምንም ጩኸት አልተሰማም። እናትየው ሲወጡ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዱ፤ ቀጭን ጥብጣብ ያለውን ኮፍያ አውርደው ሳጥኑ ላይ አስቀመጡት።

ሰውየው ልጁን ልሰናበት ብሎ ለመነ። አዛዡ ፈቀደ፤ ቤተሰቡ ከፈቀደ በሚል። መኪናዬን ከመቃብሩ በር ውስጥ አቆምኩ፤ እሱ ከኋላ ወንበር በካቴና ታስሮ ከወስፌ ጋር ተቀምጧል። ጉሙ ተገፎ ቀኑ ብራ ሆኗል፤ ከጉድጓዱ እስከ መኪናው ድረስ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ሄጄ እንድጠይቅለት ላከችኝ።

ስደርስ ሳጥኑ ወርዷል። እናትና ልጅ ተደጋግፈው ቆመዋል። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳስብ፣ ከቀባሪዎቹ አንዱ አካፋውን ተደግፎ ቀና አለ። እንዳይመሽበት የሚቸኩል ሰው ነው፤ ምንም አያውቅም።

«አባቱ አለ?» አለ። «ካለ የመጀመሪያውን አፈር እሱ ያልብስ።»

እናትየው ቀስ ብለው ወደ መኪናው ዞሩ። እሱ አይቷቸዋል፤ በታሰረ እጁ የመኪናውን መስታወት በቀለበቱ ይመታል። ድምፁ እኛ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። እናትየው እያዳመጡት ጥቂት ቆዩ።

«የለም» አሉ ቀባሪውን። «አልብሱት።»